ለኤሊ ቫይታሚን ከመግዛትዎ በፊት፦ ጎንደር ላይ ኤሊ ለሚያኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ላይ ለኤሊ ተብሎ የተዘጋጀ ቫይታሚን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በእንስሳት መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የሚታየው ለዶሮ፣ ለበግና ለከብት የተሠራ ነው፤ በሰው መድኃኒት ቤት ያለውም ለሰው ነው። የኤሊዋ ዓይን ሲያብጥ ወይም መብላት ስታቆም ባለቤቷ ከእነዚህ አንዱን ይገዛና በግምት ይሰጣታል። አደጋውም እዚያ ላይ ይጀምራል። ለከብት በመርፌ ከሚሰጡት የቫይታሚን ኤ፣ ዲ3 እና ኢ ቅልቅሎች ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 80,000 ዩኒት (ዩኒት ማለት የቫይታሚን መጠን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ኤ የያዙ አሉ። 300 ግራም ለምትመዝን ኤሊ ሐኪም በመርፌ ቢሰጥ እንኳ ከ1,500 ዩኒት ገደማ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ብልቃጥ የሚወርድ አንድ ጠብታ 4,000 ዩኒት ያህል አለው። አንዲት ጠብታ ብቻዋን ከእጥፍ በላይ ትሆናለች ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዱቄቱና ከብልቃጡ አይነሳም። መጀመሪያ ፀሐይና ሙቀት፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ ካልሲየም፣ በመጨረሻ ደግሞ ተለክቶና ተበርዞ የሚሰጥ ቫይታሚን ይመጣል። መርፌ የቤት ሥራ አይደለም፤ ለሐኪም ይተዉት።

ደረጃ 1፦ ያለችዎት ኤሊ የትኛዋ ናት?

የመሬት ኤሊና የውኃ ኤሊ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም፤ የሚጎድላቸው ቫይታሚንም ይለያያል። በግቢ ውስጥ ስትዘዋወር የምትታየው፣ ጀርባዋ እንደ ጉልላት ከፍ ያለው፣ ቢጫማ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨባት ትልቋ ኤሊ የመሬት ኤሊ ናት፤ ሣርና ቅጠል በል ናት። ከኩሬና ከወንዝ ዳር የምትገኘው፣ ጠፍጠፍ ያለችውና ቡናማዋ ደግሞ የውኃ ኤሊ ናት። የዚችን ማንነት ለማረጋገጥ ስትደነግጥ አንገቷን ይመልከቱ። ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ጎን አጥፋ ከሽፋኗ ሥር የምትሸጉጥ ከሆነ በአፍሪካ ኩሬዎች በብዛት የምትኖረዋ ዓይነት ናት። ዋና ምግቧ ሥጋ ነው፤ ዓሣ፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት ትበላለች፤ ቅጠልም አልፎ አልፎ ትቀምሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የመሬት ኤሊዎች ሁሉ ደግሞ በዓለም አቀፍ ንግዳቸው ላይ ቁጥጥር ይደረጋል። ይህ መመሪያ ኤሊ ከዱር አምጥቶ ማሳደግ ለሚያምረው አልተጻፈም። ለዓመታት በግቢዎ ያለች፣ ከዘመድ የወረሷት ወይም ተጎድታ የተገኘች ኤሊ ካለችዎት ጉዳዩን ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል፤ እስከዚያው ድረስ ግን በደንብ መያዝ አለባት።

ደረጃ 2፦ ይመዝኑ፣ ይመርምሩ፣ ይጻፉ

ኤሊ ሕመሟን ትደብቃለች። ለወራት ስትጎዳ ቆይታ ምልክቱ አንድ ቀን በድንገት የመጣ ይመስላል። ይህን የሚቀድመው ክብደት ብቻ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከመመገቧ በፊት በኩሽና ሚዛን መዝነው ቀኑንና ግራሙን በደብተር ያስፍሩ። ትልቅ ከሆነች የሰፈር ሱቅ ሚዛን ይበቃል። የጎልማሳ ኤሊ ክብደት ብዙ አይለዋወጥም፤ የታዳጊዋ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ለተከታታይ ሳምንታት ከቀነሰ ምክንያት አለው።

ስትመዝኑ ሌላውንም ይመልከቱ። ዓይኖቿ ተከፍተዋል? የዓይን ቆቧ አብጧል? ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ይወጣል? ከዓይኗ ኋላ፣ በጭንቅላቷ ጎን ያለው የጆሮ ስፍራ ጠፍጣፋ ነው ወይስ እንደ አተር አብጦ ይታያል? የጀርባ ሽፋኗን ጠርዝ በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ከእንቁላል ከወጣች ጥቂት ወራት ብቻ የሆናት ካልሆነች በስተቀር ሊለጠጥ አይገባም። የመሬት ኤሊ ስትራመድ ሆዷን ከመሬት አንሥታ ነው የምትሄደው፤ ሆዷን እየጎተተች ከሆነ አጥንቷ ወይም ጡንቻዋ ደክሟል።

እነዚህ ምልክቶች የሚናገሩት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ያበጠ የዓይን ቆብ፣ በተለይ በሁለቱም ወገን፣ ከተደጋጋሚ የአፍንጫ ፈሳሽና ከጆሮ እብጠት ጋር ሲመጣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያስጠረጥራል። ለስላሳ ሽፋን፣ የተጣመመ እግር፣ የሚተጣጠፍ መንጋጋ፣ መንቀጥቀጥ ደግሞ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት ነው። የምትንቀጠቀጠው ለረጅም ጊዜ በረዶ ቤት የቆየ ዓሣ ብቻ ስትበላ የኖረች የውኃ ኤሊ ከሆነች ቫይታሚን ቢ1 መጉደሉንም ያስቡ። በቫይታሚን ሲ አይጨነቁ፤ ኤሊ በኩላሊቷ ራሷ ታመርተዋለች። ብርቱካን እየጨመቁ ማጠጣት ትርፉ የሆድ ብልሽት ነው።

ደረጃ 3፦ ፀሐይና ሙቀት

በውጭ አገር ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን፣ ከፀሐይ የሚመጣውንና በዓይን የማይታየውን ጨረር የሚሰጥ አምፖል ገዝተው፣ ኃይሉ ስለሚደክም በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀይራሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ በ12 ዲግሪ ተኩል ርቀት የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታው በጨመረ መጠን ጨረሩን የሚያሳሳው አየር ይቀንሳል። አምፖሉ የሚሰጠውን ነገር ግቢያችን በነፃ፣ ያውም አብልጦ ይሰጠናል።

ጨረሩ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ከኮሌስትሮል ወገን የሆነ ቅመም ወደ ቫይታሚን ዲ3 መንገድ ይጀምራል፤ ሙቀት ይህን ለውጥ ያስፈጽማል፤ ከዚያ ጉበትና ኩላሊት በየተራ ለሥራ ያዘጋጁታል። ዲ3 ከሌለ የበላችው ካልሲየም ከአንጀቷ ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመስታወት ነው። በመስኮት በኩል የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል፣ ያበራል፤ አልትራቫዮሌት ቢውን ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ለብርሃን ተብሎ ከቆርቆሮ መካከል የሚገባው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። በረንዳ መስታወት ውስጥ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስትሞቅ የኖረች ኤሊ ዲ3 ላታገኝ ትችላለች።

የሚያደርጉት ቀላል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያለ ምንም መጋረጃ ፀሐይ ላይ ያውጧት። የስፍራው ግማሽ ሁልጊዜ ጥላ ይሁን። ይህን አደራ የምልበት ምክንያት አለኝ፦ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ያለ ጥላ የተተወች ኤሊ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሙቀት ልትሞት ትችላለች። የውኃ ኤሊ ከሆነች ወጥታ ደረቅ ሆና የምትቀመጥበት ድንጋይ ወይም ሳንቃ በገንዳዋ ውስጥ ይኑር። ጭልፊትና ውሻ ከላይም ከታችም ስላሉ በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑ፤ ወንፊቱ ጥቂት ጨረር ቢቀንስም አብዛኛውን ያሳልፋል።

ስለ ሙቀት ደግሞ ይህን ያስተውሉ። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ከውጭ ነው የምታገኘው፤ ሲበርዳት ሆዷ አይፈጭም፣ ምግብም አያምራትም። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን መብላት ያቆመች ኤሊ ቫይታሚን ጎድሏት ላይሆን ይችላል፤ በርዷት ነው። መጀመሪያ ሌሊት በድርቆሽ የተሞላ ሣጥን ውስጥ አድርገው ቤት ያስገቧት፣ ቀን ቀን ሞቃት ስፍራ ያውጧት፣ ከዚያ ምግብ ይሞክሩ። የውኃ ኤሊን ውኃ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ማቆየት ይበጃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ማሞቂያን ብቻ ማመን አይቻልም፤ ገንዳውን ቀን ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ አድርገው ማታ ማታ በብርድ ልብስ መጠቅለል ብዙ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ ምግቡን ማስተካከል

ለመሬት ኤሊ። የዕለት ምግቧ አብዛኛው ሣር ይሁን። ሰርዶ በየግቢው አለ፤ ክረምት ላይ ማገጥ ይጨመርበታል፤ በበጋ ድርቆሹን በውኃ አርሰው ይስጡ። በዚህ ላይ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ የዱባ ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ካሮትና ዱባ እያፈራረቁ ይጨምሩ። ካሮቱና ዱባው፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉም ጭምር፣ ሰውነቷ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይሰጧታል። እንደዚህ የምትበላ የመሬት ኤሊ የቫይታሚን ኤ ዱቄት አያስፈልጋትም።

ሁለት አትክልቶች ላይ ልቆይ። ቆስጣ በቅዳሜ ገበያ ርካሽና ሁልጊዜ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ሰው በየቀኑ እሱን ይሰጣል። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየምን አስሮ ይዞት ይወጣል፤ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይስጡ። ጎመንና ጥቅል ጎመን ደግሞ ካልሲየማቸው መልካም ሆኖ ሳለ አዮዲን በእንቅርት ዕጢ እንዳይሠራ የሚያውክ ነገር አላቸው። የደጋው አፈራችን አዮዲን የሚያንሰው መሆኑን በእናቶቻችን አንገት ላይ ያየነው ነው። ጎመን ብቻ የምትበላ ኤሊም እንቅርት ታወጣለች፤ አንገቷ ሥር ያብጣል፣ ትፈዛለች። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ጎመን፣ በሌላው ቀን ሣርና ሌላ ቅጠል ከሆነ ስጋት የለም።

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ የተረፈ ወጥ ለኤሊ ምግብ አይደሉም። «ትወደዋለች» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ሕፃንም ከረሜላ ይወዳል። ቁልቋልን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጠፍጣፋና እሾሃማ ቅጠል ያለው፣ ፍሬው በለስ የሚባለው ተክል እሾኩ ተጠርጎ ቢሰጥ በካልሲየም የበለጸገ ጥሩ ምግብ ነው። በየአጥሩ ሻማ መስሎ የሚቆመው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ቁልቋል ግን መርዝ ነው፤ ወተቱ ዓይንም ያሳውራል። አቮካዶም ይቅር።

ለውኃ ኤሊ። የቫይታሚን ኤ እጥረት ከሁሉ በላይ የሚጠናው በዚች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚሰጣት ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው። ቀይ ሥጋ ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው፤ ለኤሊ ግን ቫይታሚን ኤው ከቁጥር አይገባም፣ ፎስፈረሱም ከካልሲየሙ ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ኤሊ የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ አንድ ተኩል፣ የተሻለው ሁለት እጥፍ እንዲሆን።

ስለዚህ ከሥጋ ይልቅ ሙሉ እንስሳ ይስጡ። ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱና ከነሆድ ዕቃው፣ የምድር ትል፣ ፌንጣ ይስጧት። ከጎርጎራ የሚመጣ ቆሮሶ ትልቅ ከሆነ ከነአጥንቱ ይክተፉት። ከበረዶ ቤት የወጣ ዓሣ ብቻ አይሁን፤ ቫይታሚን ቢ1 በቆይታ ይቀንሳል፣ አንዳንድ የዓሣ ዘሮች ደግሞ ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በሥጋቸው አለ። ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ ምርጥ የካልሲየም ምንጭ ነው፤ ነገር ግን በደንቢያና በጣና ዙሪያ ብልሃርዚያ ስላለ ባዶ እግርዎን ወንዝ ገብተው ቀንድ አውጣ አይልቀሙ። ለኤሊ ብሎ መታመም አይገባም። የእምቦጭ ቅጠል የውኃ ኤሊዎች ይበሉታል፤ እሱን ግን ከጣና ወደ ሌላ ኩሬ ወይም ግቢ ማምጣት ያንን አረም ማስፋፋት ነው፤ ይቅርብዎት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለውኃ ኤሊ ዋናው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ጉበት ነው። የከብት ጉበት በአንድ ግራም 165 ዩኒት ገደማ ቫይታሚን ኤ አለው። የተሳቢ እንስሳት ሐኪሞች የሚጠቅሱት መጠን በአንድ ግራም ደረቅ ምግብ ከ2 እስከ 8 ዩኒት ነው። 300 ግራም የምትመዝን ኤሊ በቀን 3 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ (ውኃው ሲወጣለት ማለት ነው) ብትበላ በሳምንት የሚያስፈልጋት ከ42 እስከ 168 ዩኒት መሆኑ ነው። እንግዲህ ያስሉት፦ በሳምንት አንድ ግራም ጉበት፣ ማለትም በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቁራጭ፣ የሳምንቱን ሁሉ ይሸፍናል። በየቀኑ ጉበት መስጠት ግን መርዝነት ነው።

ደረጃ 5፦ ካልሲየም ከእንቁላል ቅርፊት

የእንቁላል ቅርፊት ከመቶ 94 እጅ ገደማ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በውጭ የሚሸጠውም ዱቄት ከዚህ የሚለየው በማሸጊያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ቅርፊቱን በውኃ አጥበው ውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ያንሡ። ለ10 ደቂቃ ያፍሉት፤ ይህ በቅርፊቱ ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል። ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት። በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ እንደ በርበሬ እስኪልም ይፍጩና በወንፊት ይንፉት። አንድ ቅርፊት 5 ግራም ያህል ዱቄት ይወጣዋል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 2 ግራም የሚጠጋው ንጹህ ካልሲየም ነው።

ለታዳጊ ኤሊና እንቁላል ለምትጥል ሴት በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ለጎልማሳ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ በሁለት ጣት ቁንጥር አድርገው እርጥብ ምግብ ላይ ይነስንሱ። በኖራ መተካት አይቻልም፤ የግንባታ ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ካልሲየም ያለ ፀሐይ ብዙ አይረባም፤ ሽፋኗ የለሰለሰ ኤሊን በቅርፊት ዱቄት ሞልቶ ጨለማ ቤት ማኖር ገንዘብ መበተን ነው።

ደረጃ 6፦ የዶሮ ቫይታሚን ዱቄት፣ ከተገደዱ

ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ምግብና ካልሲየም ተስተካክለው ሳሉ ዱቄት የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው፦ ዓሣም ጉበትም በማይገኝበት ሰሞን ያለች የውኃ ኤሊ፣ ከረጅም የሥጋ ብቻ አመጋገብ አሁን የወጣች ኤሊ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘላት። በዚያን ጊዜ በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው የዶሮ መልቲ ቫይታሚን ዱቄት ይሠራል። ነገር ግን መለያውን ማንበብ ግዴታ ነው።

በመለያው ላይ ቫይታሚን ኤ የሚለውን መስመር ይፈልጉ። አንዳንዱ በኪሎ ግራም፣ አንዳንዱ በመቶ ግራም፣ አንዳንዱ በግራም ስለሚጽፍ ወደ አንድ ግራም ይመልሱት። ለምሳሌ በኪሎ ግራም 10,000,000 ዩኒት ቢል ለ1,000 ሲካፈል በግራም 10,000 ዩኒት ይሆናል። አሁን ከላይ ያለውን ስሌት ያስታውሱ፤ ያቺ 300 ግራም ኤሊ በሳምንት የሚበቃት ቢበዛ 168 ዩኒት ነው። ከዚህ ዱቄት አንዲት ቁንጥር፣ ግማሽ ግራም እንኳ ብትሆን፣ 5,000 ዩኒት ናት። አምራቹ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዱቄቱ የተሠራው በበርሚል ውኃ ተበጥብጦ ለመቶዎች ዶሮ እንዲዳረስ ነው።

መፍትሔው መበረዝ ነው፤ መበረዣውም የእንቁላል ቅርፊቱ ዱቄት ይሁን። 5 ግራም የቫይታሚን ዱቄት ከ45 ግራም የቅርፊት ዱቄት ጋር ይቀላቅሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያዋህዱ፤ መጀመሪያ 5 ግራሙን ከ5 ግራም ቅርፊት ጋር በደንብ ያሹ፣ ከዚያ 10 ይጨምሩ፣ ከዚያ የቀረውን። ይህ የመጀመሪያው ቅልቅል በግራም 1,000 ዩኒት አለው። ከዚህ ቅልቅል 5 ግራም ወስደው እንደገና ከ45 ግራም ቅርፊት ጋር በዚያው መንገድ ያዋህዱ። አሁን በግራም 100 ዩኒት ሆነ። የመጀመሪያውን ቅልቅል ትርፍ ምልክት አድርገው ከልጆች ያርቁ ወይም ለዶሮዎች ይስጡ። ለሁለቱ ዙር ከ18 የማያንሱ ቅርፊቶች ያስፈልጋሉ። የኩሽና ሚዛንዎ ጥቂት ግራምን በትክክል የማይለይ ከሆነ ወርቅ ቤት ያለ ሚዛን ይለየዋል፤ ሰው ካወቁ ይጠይቁ።

ከሁለተኛው ቅልቅል ለ300 ግራም ኤሊ በሳምንት አንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ያልበለጠ፣ በትል ወይም በዓሣ ቁራጭ ላይ አድርገው ይስጡ። ጉበት በሰጡበት ሳምንት ዱቄቱን ይተዉ። በገንዳዋ ውኃ ውስጥ አይበትኑት፤ ውኃው ያሳሳዋል፣ ብርሃን ያፈርሰዋል፣ እሷም ስንቱን እንደዋጠች አይታወቅም። ቅልቅሉን ጥቁር ወይም በወረቀት የተጠቀለለ ብልቃጥ ውስጥ፣ ከእርጥበት ርቆ አስቀምጠው ሦስት ወር ሲሞላው ይጣሉት።

ፈጽሞ የማይሰጡ ነገሮችም አሉ። በጤና ጣቢያ ለሕፃናት የሚሰጠው ሰማያዊው የቫይታሚን ኤ ካፕሱል 100,000፣ ቀዩ 200,000 ዩኒት ነው፤ ለሕፃናት ሕይወት አድን ሲሆን ለኤሊ ገዳይ ነው። በማንኪያ የሚወሰድ የዓሣ ጉበት ዘይትም እንዲሁ ይበዛባታል። የቫይታሚን ኤ መብዛት ምልክቱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይወጣል፦ የአንገትና የእግር ቆዳዋ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻ ሥጋው ይታያል። ዲ3 ሲበዛ ደግሞ ካልሲየሙ በኩላሊትና በደም ሥር ውስጥ ይከማቻል፤ ያ በዓይን አይታይም።

ደረጃ 7፦ ዓይኗ አብጦ ካገኟት

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የዓይን ዕጢዎች ቱቦ ውስጠኛ ሽፋን ይጠነክራል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ ቆቡም ያብጣል። ይሁን እንጂ ቆሻሻ ውኃና ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ እብጠት ያመጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃዋን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ፣ ሙቀቱን ያስተካክሉ። ከዚያ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው፣ ለብ ሲል፣ በንጹህ ጨርቅ ዓይኗን በቀን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ይጥረጉ። በየቤቱ የማይጠፋው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የጎደለውን ቫይታሚን አይተካም፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል። ያበጠ ጆሮም አያፍርጡ። የኤሊ መግል እንደ አይብ የጠጠረ ነው፤ በሐኪም ቢላዋ ተከፍቶ መውጣት አለበት።

ማየት የተሳናት ኤሊ ምግብ አታነሳም፤ በአፏ ፊት ትል ቢያንቀሳቅሱላት ግን አሽትታ ልትነክስ ትችላለች። በሁለትና በሦስት ቀን ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሁለቱም ዓይኖቿ ተዘግተው ካልበላች፣ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ኤሊ በየቀኑ የሚመጣ ታካሚ ስላልሆነች መረጃውን ይዘው ይሂዱ፦ ክብደቷን በግራም፣ የክብደት ደብተሩን፣ በወሩ የበላችውን ዝርዝር፣ የተሰጣትን መድኃኒት ከነማሸጊያው። ሐኪሙ የቫይታሚን ኤ መርፌ ካዘዘ መጠኑ በኪሎ ክብደት ስንት ዩኒት እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ፤ ከ5,000 ዩኒት በኪሎ ባያልፍ ይመረጣል። ትክክለኛ ሕክምና ቢያገኝም ቆቡ ለመጉደል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ቶሎ አልዳነችም ብለው በላዩ ሌላ አይጨምሩ።

ከነኳት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ገንዳዋንም በዕቃ ማጠቢያው ላይ አይጠቡ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ጀርም ልትሸከም ትችላለች፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲይዟት አይፍቀዱ።

ክረምትና ጾም

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ለቀናት አይገለጥም። ደመና ውስጥም ጥቂት ጨረር ያልፋልና ዝናብ ባቆመ ቁጥር ያውጧት፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሥራዎን ትተው ቢያወጧት አይቆጭዎትም። በሰኔ በደንብ የሞቀች ኤሊ በጉበቷና በስቧ ያከማቸችው ዲ3 የተወሰነ ጊዜ ያቆያታል። ለታዳጊ ብቻ፣ ክረምቱ ከረዘመ፣ ከላይ ያለው ሁለተኛ ቅልቅል ውስጥ ያለው ጥቂት ዲ3 ይበቃል። በእርጥብ ጭቃ ላይ አይተዋት፤ የመሬት ኤሊ በብርድና በእርጥበት ሳንባዋ ይታመማል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላልና ጉበት ከቤት ይጠፋል። ከዘወረደ በፊት ባሉት ሳምንታት ቅርፊት ሰብስበው ፈጭተው ያስቀምጡ፤ ለሁለት ወር 100 ግራም ለአንድ ኤሊ ከበቂ በላይ ነው። ጉበቱንም አስቀድመው ገዝተው አንድ አንድ ግራም አድርገው ይክተፉ፣ በወረቀት ለያይተው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። በየሳምንቱ አንዷን አውጥተው፣ አቅልጠው፣ የክፍል ሙቀት ላይ ስትደርስ ይስጡ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ፤ ያንን ለድመቷ ይስጡና ሳምንቱን በቅልቅሉ ያሳልፉ።